ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ሸሚዙ ግን አያልቅም

ይህን የምጽፈው በቡድን ሆነው አንድ ነገር ለሚያመርቱ ሰዎች ነው። ልብስ ይሁን፣ የእንጨት ዕቃ ይሁን፣ ሳሙና ይሁን፣ ችግሩ ያው ነው። እኔ የማውቀው ስፌት ስለሆነ በስፌት እናገራለሁ። ቡድናችን የወንድ ሸሚዝ ይሠራል። 13 ነን።

የሥራ ክፍፍል ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት «አንተ ኮሌታ፣ አንቺ እጅጌ፣ እሷ ቁልፍ» ብሎ ማደል ነው። እኛ ጋም እንደዚያው ነበር። ሁሉም የራሱን ሥራ ያውቃል። እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም። የስፌት መኪናው ሲንጫጫ ይውላል። ማታ ያለቀለት ሸሚዝ ሲቆጠር ግን ያሳፍራል። አንዱ ጥግ ላይ የእጅጌ ክምር ተራራ አክሏል፤ ኮሌታ የለም። ኮሌታው ሲደርስ ደግሞ ለ38 ቁጥር ሸሚዝ የ40 ቁጥር ኮሌታ ይመጣል።

ከዚያ ሁሉ መላ ፍለጋ በኋላ የደረስኩበት አንድ ነገር ነው። ሥራን ማከፋፈል ቀላሉ ነው። ከባዱ ርክክቡ ነው። ሥራ የሚዘገየው፣ የሚበላሸው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ቡድን ስታደራጁ ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት እንደምትፈልጉ ሁሉ ለእያንዳንዱ ርክክብም ደንብ ፈልጉለት።

ስለ ሥራ ክፍፍል ሲወራ የኢኮኖሚ ሊቁ የአዳም ስሚዝ የእስፒል ምሳሌ ሳይነሳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ሥራው፣ 10 ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ያህል እስፒል ማውጣት እንደሚችሉ ጽፏል። ሥራው ወደ 18 ደረጃዎች የተከፈለ ነው። አንዱ ሽቦውን ይጎትታል፣ ሌላው ያቃናል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው ጫፉን ያሾላል። ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው ያንን ትልቅ ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሽቦ የሚያቃናው ሰው በድንገት ከቆራጩ በሦስት እጥፍ ቢፈጥንስ? የተቃና ሽቦ ይከመራል። እስፒሉ ግን አንድ እንኳ አይጨምርም። የእኛ የእጅጌ ተራራም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራውን በደቂቃ ለካነው። ለዚህ የስልክ ሰዓት ይበቃል። አንዴ ለክቶ መተው ግን አያዋጣም። ሰው ሰዓት ሲያዝበት ወይ ይጣደፋል፣ ወይ እጁ ይተሳሰራል። በተለያየ ሰዓት ደጋግማችሁ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። ለምን እንደምትለኩም አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለበለዚያ ሰው ማንን ሊያባርሩ ነው ማለቱ አይቀርም።

ለሒሳብ እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላስቀምጥ። ለአንድ ሸሚዝ ቁረጣ 3 ደቂቃ፣ ፊትና ኪስ 4፣ ኮሌታ ከነመግጠሙ 9፣ ትከሻና እጅጌ 7፣ ጎን መዝጋት 3፣ የእጅጌ ካፍ (እጅጌው አንጓ ላይ የሚያልቅበት ድርብ ጨርቅ) 5፣ ግርጌ ማጠፍ 3፣ የቁልፍ ቀዳዳና ቁልፍ 6፣ ክር መልቀምና ማየት 3፣ ካውያ 4። ድምሩ 47 ደቂቃ ነው።

ዕረፍት ተቀንሶ በቀን 450 ደቂቃ ንጹህ የሥራ ጊዜ አለ እንበል። የሚፈለገው በቀን 100 ሸሚዝ ነው። 450ን ለ100 ስናካፍል 4 ደቂቃ ተኩል ይመጣል። በየ4 ደቂቃ ተኩሉ አንድ ያለቀ ሸሚዝ ከመጨረሻው ጠረጴዛ መነሳት አለበት ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚፈጅ ሥራ የያዘ ሰው ካለ ማነቆው እዚያ ነው። ኮሌታ 9 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰው ብቻ ከተቀመጠበት በቀን የሚወጣው 50 ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ክንፍ ቢያወጣ ሸሚዙ ያው 50 ነው።

ኮሌታው ላይ ሁለት ሰው ሆነ፤ አንዷ ታሰናዳለች፣ ሌላው ይገጥማል። ትከሻና እጅጌ ላይም ሁለት። ካፉ ትንሽ አስቸገረን፤ 5 ደቂቃ ስለሆነ በግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ለግማሽ ደቂቃ ተብሎ ሰው አይጨመርም። አጠገቡ ጎን የምትዘጋዋ ልጅ ግን በየሸሚዙ 1 ደቂቃ ተኩል ትተርፋታለች። ካፉን ገልብጦ ጫፉን ማውጣት ደግሞ 1 ደቂቃ ገደማ ነው። እሱን ለእሷ ሰጠናት። ሁለቱም 4፣ 4 ደቂቃ ሆኑ። ግርጌና ቁልፍ ተደምረው 9 ስለሆኑ ሁለት ሰዎች ተጋሯቸው። የቀረው እንዳለ ሆነ። 12 ሰው በዚህ ተደለደለ። 13ኛዋ አስተባባሪ ሆነች፤ ስለ እሷ በኋላ እመለስበታለሁ።

ድልድሉ ያለ ኩርፊያ አልሄደም። ኮሌታ የሚሰፉት በዕድሜም በሙያም ከሁላችን የሚበልጡ ሰው ናቸው። «ሰው የደረባችሁብኝ እጄ ደከመ ብላችሁ ነው?» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ ከሁሉ ከባዱ ስለሆነ ነው» ብንላቸው አልተዋጠላቸውም። የለካነውን ደብተር አምጥተን የኮሌታውን ደቂቃ ከሌሎቹ ጎን ስናሳያቸው ግን «እንዲህ ነው እንዴ!» ብለው ሳቁ። ቁጥር ጥሩ ሽማግሌ ይወጣዋል።

ወደ ርክክቡ ልምጣ። ረጅም የሥራ ዝርዝር ጽፎ ማስፈረም የተለመደ ነው። ከፈረሙ በኋላ ግን የሚያነበው የለም። እኛ በየመኪናው አጠገብ አንዲት ትንሽ ወረቀት ለጠፍን። ከማን እቀበላለሁ? በምን ሁኔታ ሲሆን? ምን እሠራበታለሁ? ለማን፣ በምን ሁኔታ አስረክባለሁ? በቃ፣ ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ የማስረከቢያውን ቃል የሚናገረው ተቀባዩ መሆኑ ነው። የኮሌታው ወረቀት ላይ ኮሌታ አሰናጅዋ ለገጣሚው የምትሰጠው እንዴት እንደሚሆን ያስጻፉት ገጣሚው፣ ማለትም ጋሼ ራሳቸው ናቸው። «ተገልብጦ፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል ወጥተው፣ ክሩ ተለቅሞ፣ መሐሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ።» የጠመኔው ምልክት የጥቂት ሴኮንድ ሥራ ነው። ከሌለ ግን ገጣሚው ኮሌታውን አጥፎ፣ መሐሉን ፈልጎ፣ ከጀርባው ጋር አስተካክሎ ሲጀምር ጊዜው ይሄዳል። እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ከሳተ ሸሚዙ አንገቱ የተጣመመ ይሆናል። አሰናጅዋ ምልክቱን አታደርግም የነበረው ሰንፋ አይደለም። ለማን እንደሚጠቅም የነገራት አልነበረም።

ሌላው የርክክብ ጣጣ መቀላቀል ነው። ጨርቅ ተደራርቦ ሲቆረጥ ከየጥቅሉ የሚመጣው ቀለም ሙሉ በሙሉ አንድ ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ በአምፖል ሲታዩ ምንም አይሉም። የፀሐይ ብርሃን ላይ ግን እጅጌው ከደረቱ ጠቆር ብሎ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ቆራጩ ጋ ነው። እያንዳንዱን ንብር ከላይ እስከ ታች በተራ ቁጥር ምልክት ያደርጋል። 17 ቁጥር ደረት ከ17 ቁጥር እጅጌና ከ17 ቁጥር ጀርባ ጋር ብቻ ይገናኛል። ከዚያ አሥር አሥሩ በአንድ ይታሰርና ካርድ ይንጠለጠልበታል። ካርዱ ላይ የልብሱ ቁጥር፣ የጥቅሉ ቁጥርና ብዛቱ ይጻፋል። እስሩ ሲፈታ ካርዱ ከሥራው አይለይም። ካርድ የሌለው ቁራጭ ማንም አይቀበልም፤ ይህ ደንብ ሳይሸራረፍ መከበር አለበት። የ38 እና የ40 ኮሌታ ጉዳይ የተፈታው በዚህች ካርድ ነው።

እስሩ ለምን አሥር ሆነ፣ ሃምሳ ቢሆን አይፈጥንም ወይ የሚል ይኖራል። ጆን ሊትል የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሒሳብ እዚህ ጋ ይሠራል። በመሐል ያለው ያላለቀ ሥራ ብዛት፣ በሰዓት ለሚያልቀው ብዛት ሲካፈል አንዱ ሥራ ከገባ እስከሚወጣ የሚወስደውን ጊዜ ይሰጣል። በ450 ደቂቃ 100 ሸሚዝ ማለት በሰዓት 13 ገደማ ነው። ቤቱ ውስጥ 200 ያላለቀ ሸሚዝ ከተበተነ አንዱ እስኪወጣ 15 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል። 60 ብቻ ከሆነ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ስህተት ሲመጣ ነው። ቆራጩ ዛሬ ጠዋት ኪሱን አሳስቶ ቢቆርጥ፣ መጨረሻ ላይ የምታየው ልጅ ከሰዓት ታገኘዋለች ወይስ ከነገ ወዲያ? ከነገ ወዲያ ከሆነ እስከዚያው ስንት ሸሚዝ እንደሚበላሽ አስቡት።

አሁን ደግሞ ስለ ይሉኝታ። ይህን የትኛውም ቅጽ አይፈታውም። አንዲት ሰፊ የተበላሸ ሥራ ሲመጣላት አጠገቧ ላለችው «ይሄ አልሆነም» ብላ መመለስ ለብዙ ሰው ሞት ነው። አብረው ይውላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ስለዚህ ዝም ብላ ራሷ ታስተካክለዋለች። ጊዜዋ ይሄዳል። ያበላሸችው ልጅ ደግሞ ማበላሸቷን ሳታውቅ ነገም ትደግመዋለች። በቶዮታ ፋብሪካዎች ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ ወይም የሚጫነው መጥሪያ አለ። ሲሳብ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን መሳብ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አለመሳብ ነው ጥፋቱ።

እኛ ገመድ የለንም። ያደረግነው እንዲህ ነው። የተበላሸው ቁራጭ ላይ ብጫ ክር ይታሰርና ወደ መጣበት ቅርጫት ይመለሳል። ንግግር የለም፣ ስም መጥራት የለም፣ ለአስተባባሪም አቤቱታ የለም። በቀጣዩ ቀን ጠዋት የሚወራው ስለ ብጫ ክሩ ብዛትና ስለ ቦታው ነው፤ ስለ ሰው አይወራም። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አላሰረም። አስተባባሪዋ ራሷ ከሰፋችው ላይ ማሰር ስትጀምር ሌላውም ለመደ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ከበዛ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የደነዘዘ መርፌ ወይም የላላ ክር ነው። ሰው ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነው።

ባለቤት የሌላቸው ሥራዎች ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ናቸው። መኪና ዘይት መቀባት፣ ክር ሳያልቅ መናገር፣ ማታ ማብሪያ ማጥፊያ ማጥፋት። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ሰው በተጨመረ ቁጥር እያንዳንዱ የሚጎትተው እየቀነሰ ሄደ። ስምንት ሲሆኑ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚጎትተው ግማሹን ያህል ብቻ ነበር የሚያዋጣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ማን የትኛዋን ሎሚ እንደያዘ እስከታወቀ ድረስ። «ሁላችሁም ተጠንቀቁ» የተባለበት ሎሚ ግን መሬት ወድቆ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ እነዚህን ጥቃቅን ሥራዎች አንድ በአንድ ለአንድ አንድ ሰው ሰጠን፤ «ለእናንተ» ሳይሆን «ለአንቺ»። ከሁሉ ጥብቅ ያልንበት መርፌ ነው። መርፌ ሲሰበር ስባሪው በሙሉ ተለቅሞ ካልቀረበ አዲስ አይሰጥም። አንዷ ቁራጭ ኮሌታ ውስጥ ብትቀር የሰው አንገት ትወጋለች። መርፌ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ስባሪውን ወረቀት ላይ ገጣጥሞ ሙሉነቱን ያያል። ሁለት ሰው ቢሆን ኖሮ አንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያልፋል።

አስተባባሪዋ የራሷ መኪና የላትም። ይህ ብዙ ቡድን ውስጥ ያጨቃጭቃል፤ «አንድ ሰው ዝም ብሎ ይዞራል» ይባላል። የእኔ ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነው፤ መኪና ከሰጣችኋት አስተባባሪ የላችሁም። 13 ሰው እርስ በርሱ ሊነጋገርባቸው የሚችሉ የሁለት ሁለት ሰው መስመሮች 78 ናቸው። ይህ ሁሉ ወሬ በአንድ ሰው በኩል ካላለፈ ቤቱ ገበያ ይሆናል። የእሷ ሥራ ቅርጫቶቹን ማየት ነው። የማን ቅርጫት ሞላ? የማን ባዶ ሆነ? የሞላበት ጋ ሄዳ ትሰፋለች፤ ሲቀል ትነሳለች። ሰው ሲቀርም የምትሸፍነው እሷ ናት። ለዚህ ቦታ በጣም ፈጣኗን ሰፊ መምረጥ የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። ፈጣኗ ማነቆው ላይ ብትቀመጥ ይሻላል። ለአስተባባሪነት የምትፈለገው ብዙ ቦታ የምትችልና ቶሎ የማትቆጣ ናት።

አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ እንዲያውቅ ማድረግ ደግሞ አደጋ አለው። የአሜሪካው አውቶሞቢል አምራች ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 የሚንቀሳቀስ የመገጣጠሚያ መስመር ሲጀምር የአንድ አውቶሞቢል ሻሲ (ሌላው አካል የሚያርፍበት የሥር ብረት) ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። በዚያው ዓመት ግን ሠራተኛው አልቆይ አለ። በዓመት ውስጥ የሚለቀው ሰው ከጠቅላላ ሠራተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያችኑ ብሎን ማጥበቅ ሰውን ያሰለቻል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ላይ የቀን ክፍያውን 5 ዶላር፣ የሥራ ሰዓቱን 8 ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ ደብተር ላይ ሰንጠረዥ ሠራን፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል የሥራ ቦታ። ያላወቀው ባዶ ነው። እየተማረ ያለ ግማሽ ክብ፣ ብቻውን የሚችል ሙሉ ክብ ያገኛል። ማንኛውም ቦታ ላይ ሙሉ ክብ ያለው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ያ ቦታ ለሥልጠና ቅድሚያ አለው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰው ከጎኑ ያለውን ቦታ ይለማመዳል። ጎረቤቱን የሚለማመድ ሰው ርክክቡን ከሁለቱም ወገን ያየዋል። ቅድም ያልኳት ኮሌታ አሰናጅ ራሷ ኮሌታ መግጠም ከተለማመደች በኋላ የጠመኔውን ምልክት የሚያስታውሳት አላስፈለጋትም።

ክፍያ ላይ ብዙ ክርክር አይቻለሁ። ሰው በቁራጭ ብቻ ሲከፈለው የእጅጌ ተራራ መገንባቱ አይቀርም፤ ምን ያድርግ? ለእሱ የሚከፈለው እጅጌ ቆጥሮ ነው። እኛ የምንቆጥረው ከካውያ የወጣ ሸሚዝ ብቻ ነው። ከዚያ የሚገኘው ለሁሉም ይከፈላል፤ ሰንጠረዡ ላይ ብዙ ሙሉ ክብ ያለው ትንሽ ጨመር ይደረግለታል። ፈጣኖቹ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። ሌላ ቦታ መማር ገንዘብ እንደሚያመጣ ሲያዩ ግን በረዱ። ሁሉንም ያስማማል አልልም። አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ለቆ ሄዷል፤ አልፈርድበትም።

የጠዋት ስብሰባ አጭርና ቁም በቁም ይሁን። ወንበር ካለ ይረዝማል። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አለን፤ በየሰዓቱ የታቀደው፣ የወጣው፣ ያልወጣበት ምክንያት ይጻፍበታል። ከሦስቱ የምወደው ምክንያቱን ነው። «ክር አለቀ»፣ «መብራት ጠፋ»፣ «ካፍ ዘገየ»። ተመሳሳይ ምክንያት ሲደጋገም ቀጣዩ ሥራችሁ የቱ እንደሆነ ሰሌዳው ይነግራችኋል።

ይህ አደረጃጀት የማያዋጣበት ቦታም አለ። ትዕዛዙ ጥቂት ሆኖ እያንዳንዱ ልብስ የተለያየ ከሆነ፣ መስመር ሠርቶ መበተን ጊዜ ማባከን ነው። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲመጣ ብዙ ሙሉ ክብ ያላቸው ሁለት ሰዎች ከቆረጣ እስከ ካውያ ይዘውት ይጨርሳሉ፤ በዚያ ሰሞን አስተባባሪዋ የአንዳቸውን ቦታ ትሸፍናለች። ለሌላኛው ደግሞ የቀኑ ዕቅድ በሚሸፈነው ልክ ዝቅ ይደረግና ሰሌዳው ላይ ከጠዋቱ ይጻፋል፤ 12 ሰው የሚሠራውን በ11 ሰው እንሠራለን ብሎ መጀመር ማታ መጨቃጨቅ ነው።